ልጆች ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ለምን ይሸሻሉ?

በትምህርት ቤት ፕሮግራም ላይ «ሰውነት ማጎልመሻ» ተብሎ የተጻፈውን፣ ተማሪዎች ግን በአጭሩ «ስፖርት» የሚሉትን ክፍለ ጊዜ ያስቡ። ደወል ሲደወል ግማሹ ተማሪ ወደ ሜዳ ይሮጣል። ጥቂቶች ኳሱን ይይዛሉ። የቀሩት ከዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። አንዷ ሆዷን አሟታል፤ አንዱ ቱታውን ረስቷል፤ ሌላው ደብተሩን ይዞ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፈተና ያጠናል። ትምህርቱ ሲያልቅ ላብ ያላባቸው ጥቂት ልጆች ብቻ ናቸው።

ወላጅ ከሆኑ «ልጄ ስፖርት አይወድም» ብለው ደምድመው ይሆናል። መምህር ከሆኑ ደግሞ «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው» ብለው ይሆናል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ያው ልጅ ሰፈሩ ሲገባ አባሮሽ ሲሮጥ፣ ያቺው ልጅ ሱዚ ስትዘል እስኪመሽ አይደክማቸውም። ስለዚህ የጠፋው ፍላጎት አይደለም። ፍላጎቱን የሚያደርቀው ክፍለ ጊዜው የሚመራበት መንገድ ነው። ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ ወጪውም እንደሚፈራው ብዙ አይደለም።

ተነሳሽነት የሚባለው አንድን ነገር ለመጀመርና ሳያቋርጡ ለመቀጠል የሚገፋን ኃይል ነው። በሁለት በኩል ይመጣል። ልጅ ጨዋታው ራሱ ደስ ብሎት ሲጫወት፣ ያ ውስጣዊ ተነሳሽነት ይባላል። ማርክ እንዳይቆረጥበት ወይም እንዳይቀጣ ብሎ ሲሮጥ ደግሞ ውጫዊ ነው። ውጫዊው ወዲያው ይሠራል። ችግሩ መምህሩ ዞር ሲል አብሮ ዞር ማለቱ ነው።

ውስጣዊው ከየት ይመጣል? ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን ጥያቄ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ሰው አንድን ሥራ ከልቡ እንዲይዘው ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው ይላሉ። አንደኛ፣ በጉዳዩ የራሱ ምርጫ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ «እችላለሁ፣ እየተሻሻልኩም ነው» የሚል ስሜት ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ አብረውት ካሉት ሰዎች መሀል ባይተዋር መሆን የለበትም። ምርጫ፣ መቻል፣ ባይተዋር አለመሆን። እነዚህን ሦስቱን ይያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን አንድ የተለመደ ትምህርት ቀረብ ብለን እንይ። የርዝመት ዝላይ ነው እንበል። ክፍሉ 60 ተማሪ አለው። አሸዋ የተሞላ መዝለያ ያለው አንድ ብቻ ነው። መምህሩ ሁሉንም በአንድ መስመር ያሰልፋል። አንድ ልጅ ተንደርድሮ፣ ዘሎ፣ ርቀቱ ተለክቶ እስኪነሳ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ለ60 ልጅ 30 ደቂቃ ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን፣ ስም ተጠርቶና ሰውነት ተሟሙቆ እስኪጀመር አሥሩ አልቋል። እንግዲህ እያንዳንዱ ልጅ የዘለለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን 29 ደቂቃ ተኩል ፀሐይ ላይ ቆሟል።

ያንኑ አንድ ዝላይ የዘለለው ደግሞ 59 ጓደኞቹ እያዩት ነው። ቢሰናከል የሚያርምበት ሁለተኛ ዕድል የለውም። የጓደኞቹን ሳቅ ተሸክሞ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ምርጫ አልነበረውም፤ መሻሻል የሚችልበት ጊዜ አላገኘም፤ በሰው ፊትም ብቻውን ቆሟል። በሚቀጥለው ሳምንት ቱታውን «ቢረሳ» ይፈረድበታል?

ያንኑ ትምህርት በሌላ መንገድ እንሥራው። ሜዳው ላይ በአመድ ስድስት መነሻ መስመሮች ይሠመሩ። ኖራም ይሆናል፤ ነገር ግን ዓይን ስለሚያቃጥል ለልጆች አመድ ይሻላል። ተማሪዎቹ አሥር አሥር ሆነው በስድስት ቡድን ይከፈሉ። ሳይንደረደሩ፣ ቆመው በሁለት እግራቸው ወደ ፊት ይዝለሉ። ለዚህ የአሸዋ መዝለያ አያስፈልግም፤ ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ይበቃል። አንዱ ሲዘል ጓደኛው ተረከዙ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠጠር ያስቀምጥለታል። አንድ ዝላይ 20 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ተራው በየ200 ሰከንዱ ተመልሶ ይደርሰዋል። በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ዘጠኝ ጊዜ ይዘላል ማለት ነው።

ከአንድ ወደ ዘጠኝ። የወጣው ወጪ አንድ ጣሳ አመድ ነው።

ጠጠሩንም ልብ ይበሉት። ልጁ ሁለተኛ ሲዘል የሚያየው የክፍሉን ጎበዝ ሳይሆን የራሱን ጠጠር ነው። ጆን ኒኮልስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ተማሪዎች ስኬትን በሁለት መንገድ እንደሚለኩ ጽፏል። አንዱ «ከትናንቱ እኔ ተሽያለሁ» ይላል። ሌላው «ከእገሌ በልጫለሁ» ይላል። ሁለተኛው መለኪያ ለአሸናፊው ደስ ይላል። ዘወትር የሚሸነፈው ልጅ ግን ከውርደቱ የሚያመልጠው ባለመሞከር ነው። «አልቻለም» ከሚባል «አልሞከረም» መባልን ይመርጣል። እኛ ስንፍና የምንለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

የከፍታ ዝላይ ላይ ደግሞ ከዚህም የሚገርም ቀላል ዘዴ አለ። ሙስካ ሞስተን የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ ምሁር ያስተዋወቀው ነው። በተለመደው አሠራር ሁለት ልጆች ገመዱን አግድም ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፤ በየዙሩ ከፍ ይደረጋል፤ የነካው ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ማን ነው? ልምምዱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ዝላይ ያያል።

የሞስተን መፍትሔ ገመዱን ማጋደል ነው። አንዱ ጫፍ መሬት ይነካል፤ ሌላው ጫፍ እስከ ልጅ ደረት ከፍ ይላል። ከዚያ «በፈለጋችሁት በኩል ዝለሉ» ይባላሉ። ደካማው በዝቅተኛው በኩል ይዘላል፤ ጎበዙ በከፍተኛው በኩል። የሚወጣ ልጅ የለም። ይህን የሠራ መምህር ብዙ ጊዜ የሚያየው ነገር አለ፦ ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው በየዙሩ አንድ እርምጃ ወደ ከፍተኛው በኩል ይጠጋሉ። ምርጫም፣ መቻልም፣ አብሮ መሆንም በአንድ ገመድ ተገኘ። አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጉ። ገመዱ የትም መታሰር የለበትም፤ እግር ሲነካው እንዲለቁት ያዦቹ ላላ አድርገው ይያዙት።

«ጎበዞቹስ አይጎዱም?» ይሉ ይሆናል። የሚጎዳቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም ተሰጥኦ የሚታየው ሁሉም ሲሮጥ ነው። የአርሲዋን በቆጂ ያስታውሱ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያ አካባቢ ነው የወጡት። ያሠለጠኗቸው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። መምህር ዓይኑ የሚያርፈው ሜዳ ላይ በሚንቀሳቀስ ልጅ ላይ ነው። ሰልፍ ላይ የቆመ ሯጭ ከማንም ተለይቶ አይታይም።

አሁን ወደ ቡድን ጨዋታ እንምጣ፤ ልጆች ከሁሉ በላይ የሚቆስሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለት አምበሎች ይቆሙና በየተራ ይመርጣሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ልጆች ይቀራሉ። «እሱን ውሰደው»፣ «አይ፣ ለአንተ ይሁን» ይባባሉባቸዋል። ከዚያ የቀረው ልጅ በረኛ ይሆናል፤ ግብ ሲገባም ይሰደባል። ይህን ማስቀረት አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። መምህሩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ይቁጠርና አንዶች ከአንዶች ጋር፣ ሁለቶች ከሁለቶች ጋር ይሁኑ። በረኝነትም በየአምስት ደቂቃው ይዙር። 22 ልጅ በአንድ ኳስ ከሚሯሯጥ ደግሞ በአነስተኛ ሜዳ አራት ለአራት ቢጫወቱ እያንዳንዱ ልጅ ኳሱን ደጋግሞ ይነካል።

«ማርክ ቢያዝበትስ አይሠራም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይሠራል፤ ግን እንዴት እንደሚያዝ ይወስነዋል። የሁሉም ሩጫ በአንድ ሰዓት መያዣ ከተለካ፣ ረጅሙና ቀድሞ የጎረመሰው ልጅ ሳይደክም ሙሉውን ይወስዳል። ይልቁንም ከማርኩ ከፊሉ ለመሻሻል ይሰጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ በስድስት ደቂቃ ሜዳውን ስንት ጊዜ እንደዞረ ጓደኛው ቆጥሮ በደብተሩ ይጻፍለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይቆጠር። ልዩነቱ ነው የሚታየው። አንዳንድ ብልጥ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ሆን ብሎ ሊያዘግም ይችላል። ስለዚህ ሙሉው ማርክ በዚህ ብቻ አይሁን፤ ለተሳትፎና የጨዋታ ሕግ ለማወቅም ድርሻ ይኑራቸው።

ሽልማትስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆችን ወስደው ጥናት አደረጉ። አንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ያማረ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባሉ። ሌሎቹ ሳይነገራቸው ድንገት ተሸለሙ። የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የሣሉት ልጆች የመሣል ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። ይወዱት የነበረው ነገር ለክፍያ የሚሠራ ሥራ መሰላቸው። ድንገት የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም።

ከዚህ የምንወስደው ሽልማት ሁሉ ክፉ ነው የሚል አይደለም። አስቀድሞ እንደ ደመወዝ አይቆረጥ ነው ነገሩ። ልጁ ጥሩ ሲሠራ ምን እንዳሻሻለ ለይቶ መንገር ከዋንጫ ይበልጣል። «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «ዛሬ ስትዘል ክንድህን ወደ ፊት ስለወረወርክ ነው የራቅከው» ማለት ይሻላል። ልጁ በሚቀጥለውም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ስለ ቅጣት አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ያረፈደን ልጅ «ሜዳውን አምስት ዙር» ማለት፣ ያወራን ልጅ ፑሽ አፕ ማሠራት መቅረት አለበት። እንዲወደው የምንፈልገውን ነገር በእጃችን ቅጣት እያደረግነው ነው። የሒሳብ መምህር ረባሹን ሁሉ ማባዛት ቢያሠራ፣ ማባዛትን የሚወድ ልጅ ከየት ይገኛል?

የሴት ልጆችን ጉዳይ ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በድርጅቱ ተመራማሪዎች በተጠናው የ2016 (እ.ኤ.አ.) መረጃ መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን ያህል አይንቀሳቀሱም። በወንዶች 78 በመቶ ሲሆን በሴቶች 85 በመቶ ነው።

ሴቶቹ ለምን ይበልጥ ይቀራሉ? ምክንያቶቹን ከእነሱ አፍ መስማት ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው። የዩኒፎርም ቀሚስ ለብሶ መሮጥ አይቻልም። ልብስ የሚቀየርበት ቦታ የለም፤ ካለም በሩ አይዘጋም። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ሞዴስ ላይኖራት ይችላል፤ ቢኖራትም ለወንድ መምህር ይህን አትናገርም። ወንዶቹ ዳር ቆመው ሲያዩና ሲተቹ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይጠላል።

ለእነዚህ የሚሆን መላ አለ። የስፖርት ቀን ከቤት ጀምሮ ከቀሚሱ ሥር ቱታ መልበስ ይፈቀድ። አንድ ክፍል ለአሥር ደቂቃ ለሴቶች መቀየሪያ ይለቀቅ። «ዛሬ ቀለል ያለውን እሠራለሁ» ያለች ልጅ ምክንያቷን በሰው ፊት አትጠየቅ፤ ሰዓት መያዝ ወይም መዳኘትም ተሳትፎ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምርጫ ይኑር። ሜዳው ሙሉ በሙሉ ለኳስ ከሚሰጥ፣ አንድ ጥግ ለሱዚና ለገመድ ዝላይ፣ አንድ ጥግ ለእስክስታ ይሁን። ለሩብ ሰዓት ሳያቋርጥ እስክስታ የወረደ ሰው እንቅስቃሴው ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቀዋል።

«ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት ይመጣል?» ለሚለው፣ አብዛኛው ከቤት ይመጣል። ኳስ ለመሥራት በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ በሲባጎ ጥብቅ አድርጎ ጠምጥሞ፣ በላዩ ሌላ ካልሲ ማጥለቅ ነው። ለመወርወርና ለመቅለብ ከተነፋ ኳስ ይሻላል፤ አይነጥርም፣ ፊት ቢመታም አያሳምምም። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አሸዋ ሲሞላ የሜዳ ምልክት ይሆናል። ያረጀ የመኪና ጎማ ለመዝለያም ለመግፊያም ያገለግላል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጨርቅ ኳስ ሠርቶ ቢያመጣ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለ60 ልጅ 60 ኳስ ተገኘ ማለት ነው።

እውነተኛው ወጪ ገንዘብ አይደለም፤ የመምህሩ ጊዜና ትዕግሥት ነው። ስድስት ቡድን ለማዘጋጀት ከክፍለ ጊዜው በፊት ሜዳ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ጫጫታ ይበዛል፤ ቡድኖቹ ቦታቸውን ይስታሉ፤ ቆጣሪዎቹ ቁጥር ይረሳሉ። ብዙ መምህር ወደ አንዱ ሰልፍ የሚመለሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ነው። ልጆቹ ሥርዓቱን እስኪለምዱት መታገሥ ያስፈልጋል። ርእሰ መምህራንም ይህን ጫጫታ እንደ ሥርዓት አልበኝነት አይቁጠሩት፤ ለመምህሩም ከስፖርቱ በፊት የሚዘጋጅበት ክፍት ሰዓት ቢመድቡለት መልካም ነው።

አንዳንዴ ግን ልጅ የማይንቀሳቀሰው ስላልቻለ ነው። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ለመሮጥ አቅም የለውም። በጾም ወቅት፣ በተለይ በረመዳን ውኃም ለማይጠጡ ልጆች፣ ትምህርቱ ቀለል ማለት አለበት፤ መዘርጋትና መተጣጠፍ፣ ወይም ስለ ጤና በክፍል ውስጥ መማር ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው ሕመም ነው። ልጅዎ ትንሽ ሮጦ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው፣ ልቡ በኃይል የሚመታ ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ «ሰነፍ» አይበሉት። በጊዜ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ እኛ ቶንሲል የምንለው፣ የቁርጥማት ትኩሳት አስከትሎ የልብ ክዳኖችን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚያጠቃ የልብ በሽታ ነው። አስምም እንዲሁ ሲሮጡ ይነሳል። ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩት፤ ሐኪሙ ያለውንም ለስፖርት መምህሩ በጽሑፍ ያድርሱ።

የመጨረሻው ጥያቄ የወላጆች ሁሉ ስጋት ነው። «ማትሪክ ለሚፈተን ልጅ ስፖርት ጊዜ ማባከን አይደለም?» የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 በዚህ ጉዳይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን ገምግሟል። በትምህርት ቤት እንቅስቃሴና በትምህርት ውጤት መካከል ከተመዘኑት ግንኙነቶች ግማሽ ያህሉ ጥሩ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ከሞላ ጎደል ለውጥ ያልታየባቸው ናቸው። ጉዳት የታየባቸው ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ስለዚህ የስፖርትን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ መውሰድ ሒሳቡን እንደሚጠቅም ማስረጃ የለም፤ ልጆቹ ግን በሳምንት ካላቸው ጥቂት የመንቀሳቀሻ ጊዜ አንዱን ያጣሉ።

እንግዲህ እርስዎ ከቤት ምን ማድረግ ይችላሉ? ልጅዎ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ኖሮት ሲመጣ «አሸነፋችሁ?» ብለው አይጀምሩ። «ዛሬ ስንት ጊዜ ዘለልክ? ኳሱን ስንት ጊዜ ነካሽው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አንድ ጊዜ» ወይም «አልደረሰኝም» ከሆነ፣ ችግሩ ከልጅዎ አይደለም። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ከተጠየቀ በኋላ እጅዎን ያውጡና ያንኑ ጥያቄ ለመምህሩ በአክብሮት ያቅርቡ። አመድ፣ ገመድና የጨርቅ ኳስ የሚያዋጡ ወላጆች እንዳሉም ይንገሯቸው።